ኢቃማው ላይ የተጻፈው ሙያ

በወገል ጤና ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር



ይህን ንግግር እንዳቀርብ ስጠየቅ የተሰጠኝ ርእስ «ሙያ ይዘው ውጭ አገር የሚሠሩ ሰዎች የደመወዝ ፍትሕ» የሚል ነበር። ያን ዕለት ማታ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ቡና ጠርተውን ነበርና ምን እንደማወራ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ጀበናቸውን አስቀመጡና፣ «እንግዲህ አንተ የምታወራው ስለ ባለ ዲግሪ ነዋ። የኔዋ ልጅ ግን በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቃ ጅዳ የሰው ቤት ትጠርጋለች። እሷ ከየትኞቹ ናት? ከባለሙያዎቹ ናት ወይስ ከቤት ሠራተኞቹ?» አሉኝ።

ሲኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያዘጋጀሁትን ወረቀት ሁሉ ቀደድኩት ብላችሁ ማጋነን ይሆናል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ግን አውጥቼ ጣልኳቸው። ወረቀቱ ደመወዝን ከደመወዝ የሚያወዳድር ነበር፤ የሳቸው ጥያቄ ግን ከደመወዙ በፊት ያለ ጥያቄ ነው። ሰው ስንት እንደሚከፈለው የሚወሰነው ከፋዩ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ አይደለም፤ በሩ ላይ፣ ማን ተብሎ እንደተመዘገበ ነው። በሩን ካለፈ በኋላ ደግሞ «አልበቃኝም» ብሎ ተመልሶ መውጣት መቻል አለመቻሉ ነው። ዛሬ ብዙ አገር ብዞርም ከዚህ ብዙ አልርቅም።

በራሴ ልጀምር። እዚሁ ደላንታ ተወለድኩ፤ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄ ጥቂት ዓመት መንገድ ሥራ ላይ ከቆየሁ በኋላ ወደ አንድ የዐረብ አገር ሄድኩ። የሠራሁበትን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ስሙን ብታውቁት የምትጠቀሙት ነገር የለም። የድልድይ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፎቶ ኮፒ ማንሻው ላይ አንድ ወረቀት ተረስቶ አገኘሁ። ገልብጬ ሳየው ፔሮል ነው። ማየት አልነበረብኝም፤ አየሁት።

አምስት ሳይት ኢንጂነሮች በአንድ የሥራ መደብ ሥር ተደርድረናል። ከስማችን ቀጥሎ ያለው ዓምድ የትምህርት ደረጃ ወይም የአገልግሎት ዘመን ይመስላችኋል፤ ዜግነት ነበር። ከዚያ ደመወዝ፣ ከዚያ የቤት አበል። እንግሊዛዊው የኔን ሦስት እጥፍ ያልፋል። ሊባኖሳዊው እጥፌ ነው። ሕንዳዊው ከኔ ትንሽ ከፍ ይላል። ከኔ በታች የባንግላዴሹ ሰው ነበር። እሱ ከሁላችንም ቀድሞ የገባ፣ የአርማታ ናሙና አወሳሰዱንም ሆነ የዚያን አገር አሠራር ያስተማረኝ ሰው ነው። እንግሊዛዊው ሥዕል ሲያወጣ ብረቱን የምቆጥርለትና የምመረምርለት እኔ ነበርኩ፤ ልኬቱ ሲሳሳት ደውሎ የሚጠይቀውም እኔን ነው።

እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ከኔ በታች ሰው መኖሩን ሳይ ትንሽ ደስ አለኝ። ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ግን ያ ሊስት እንዴት እንደሚሠራ ያስተማረኝ ያ ደስታ ነው። አምስታችን ተሰብስበን እንዳንጠይቅ የሚያደርገን የሊስቱ አሠራር ራሱ ነበር። እያንዳንዳችን ወደ ላይ እያየን ስንናደድ፣ ወደ ታች እያየን እንጽናናለን።

ሄጄ ኃላፊውን ጠየቅሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይ አዘዘልኝ። «አገርህ ብትሆን ስንት ታገኝ ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። «እኛ የምንከፍልህ የዚያ ስንት እጥፍ ነው?» አለኝ። እሱንም ነገርኩት። «ታዲያ?» አለ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ያችን «ታዲያ» ስፈታት ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። በመጀመሪያ መልሱ ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ ዳቦና የቤት ኪራይ የምገዛው በዚያው አገር ዋጋ ነው፤ ድልድዩም የመሐንዲሱን ፓስፖርት አያውቅም። ይህ እውነት ነው። ግን ሰውየውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እንግሊዛዊው በኔ ደመወዝ አይመጣም፤ ቢመጣም በሦስተኛው ወር ሻንጣውን ይይዛል። እኔ ግን እመጣለሁ፤ እቆያለሁም። ስለዚህ ያ ድርጅት የሚከፍለን ለምናውቀው ሙያ ሳይሆን ትተን ለመሄድ ለምንችልበት አቅም ነው። እሱ መሄድ ይችላል፤ እኔ አልችልም። ልዩነቱ ያ ብቻ ነው፤ ስሙ ግን «የገበያ ዋጋ» ነው።

ይህን ከኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ። ኦፓል እዚህ ገደል ውስጥ ከተገኘ ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ስንት ወጣት ነው በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ በደረቱ እየተሳበ ያወጣው! ድንጋዩ በጥሬው ይሸጣል። የሚገዛው ሰው ድንጋዩን አገላብጦ ከማየቱ በፊት የሻጩን ፊት ያያል፤ ለዛሬ እራት እንደሚፈልገው ያውቃል። ያው ድንጋይ ሕንድ አገር ጃይፑር ተቆርጦ፣ ተጠርቦ፣ የቀለበት ፈርጥ ሆኖ ሲሸጥ ድንጋይነቱን አልለወጠም። የተለወጠው ሻጩ ነው፤ ያ ሻጭ ደግሞ ነገም መሸጥ ይችላል።

ይህ የዐረብ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ላይ፣ እ.ኤ.አ በ1958 የተቋቋመውን የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውሰዱ። በመንግሥታቱ ድርጅት ሕግ ሁለት የደመወዝ መርሆች አሉ። ከየአገሩ የሚቀጠረው ዓለም አቀፍ ባለሙያ ኖብልሜር በሚባለው መርህ ይከፈለዋል፤ ከመንግሥታት ሲቪል ሰርቪስ ሁሉ ከፍተኛውን ከሚከፍለው ጋር ይስተካከልለታል፤ ማነጻጸሪያው እስከ ዛሬ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ነው። በአገሩ የሚቀጠረው ሠራተኛ ደግሞ ፍሌሚንግ በሚባለው መርህ ይታያል፤ ደመወዙ አዲስ አበባ ውስጥ ካሉ ጥሩ ከፋይ መሥሪያ ቤቶች ጋር ይስተካከላል። ሁለቱም መርህ በየራሱ ሲታይ ምክንያታዊ ነው። አንድ ፎቅ ላይ፣ በአንድ ኮሪደር ሲገናኙ ግን ያው የኔ ፎቶ ኮፒ ላይ የነበረው ወረቀት ነው። ደግሞም አንድ የሚገርም ነገር አለው፤ በፍሌሚንግ የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ ነገ ናይሮቢ በዓለም አቀፍ መደብ ቢቀጠር ሚዛኑ በአንድ ሌሊት ይቀየራል፤ እሱ ግን ያው ሰው ነው።

አንዳንድ አገር ደመወዝ የሚወሰነው በድርድር አቅም መሆኑን ተረድቶ ዋጋውን ራሱ ጠርቷል። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ ከ2006 ጀምሮ ዜጎቿን ለቤት ሥራ የምትልከው በወር ከ400 ዶላር ባላነሰ ደመወዝ መሆኑን ደነገገች። ደንቡ ብዙ ቦታ ተጥሷል፤ ቢሆንም የፊሊፒንስ ሴት ወደ ድርድሩ ስትገባ ከኋላዋ አንድ ወለል አለ። የእኛ ልጅ ስትገባ ከኋላዋ ያለው ደላላው ነው። ቀጠርም ከብዙ ወቀሳ በኋላ እ.ኤ.አ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ለማንኛውም ዜግነት፣ ለቤት ሠራተኛም ጭምር፣ 1000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ አወጀች። ከወቀሳዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ በ2019 መጨረሻ አገሪቱን የጎበኙት የተባበሩት መንግሥታት የዘረኝነት ጉዳይ ልዩ ራፖርተር ያቀረቡት ነው፤ የሰው ዕድል በትውልድ አገሩ የሚደለደልበትን ያን አሠራር ከዘር መደብ ሥርዓት ጋር አመሳስለውታል። 1000 ሪያል ለመሐንዲስ ምንም አይደለም፤ ከታች ላለው ግን «ዜግነት» የሚለውን ዓምድ የሰረዘ ሕግ ነው።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ፤ ቡና የጠሩን የእትዬ ጥያቄ ያለው እዚያ ነውና።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2020 ባወጣው ጥናት፣ በሀብታም አገሮች ስደተኛ ሠራተኛ በሰዓት የሚከፈለው ከአገሬው ሰው በአማካይ 13 በመቶ ያህል ያንሳል። ጣሊያን ላይ ልዩነቱ 30 በመቶ ይደርሳል። ይህን ስንሰማ ቶሎ የሚታየን አለቃ ተቀምጦ ለሐበሻው ቀንሶ ሲከፍል ነው። እ.ኤ.አ በ2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ግን ሥዕሉን ቀየረብኝ። በዘጠኝ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አገሮች የ13.5 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ አጠናቅሮ ስደተኞች 17.9 በመቶ ያነሰ እንደሚያገኙ አሳየ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩትን ብቻ ለይተው አወዳደሩ። ልዩነቱ ወደ 4.6 በመቶ ወረደ። በብር እናስበው፤ አገሬው 100 ሲያገኝ ስደተኛው የሚያጣት 18 ብር አለች። ከ18ቱ አምስት የማትሞላው በአንድ ጠረጴዛ ላይ የምትቆረጥ ናት። 13 የምታህለው የምትጠፋው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ባለመድረሱ ነው። ነርሷ እንደ ነርስ ተቀጥራ ቢሆን ኖሮ የሚጎድልባት ጥቂት ነበር፤ ብዙው የጎደለባት እንደ ነርስ ባለመቀጠሯ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በቅርብ እንየው። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የተማረ ሐኪም አሜሪካ ሲገባ ሐኪም አይደለም። ዲግሪው መጀመሪያ በውጭ ተመራቂዎች ምዘና ተቋም በኩል ይረጋገጣል፤ የሕክምና ፈቃድ ፈተናዎቹን ይወስዳል፤ ከዚያ ምንም ያህል ዓመት ያከመ ቢሆን እንደገና ሆስፒታል ገብቶ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሬዚደንሲ ይሠራል፤ ያውም ቦታ ከተገኘ ነው። እስከዚያ ቤተሰቡ ይበላል። ስለዚህ ታክሲ ይነዳል፤ ወይ ሲኤንኤ የሚሉት የነርስ ረዳት ሆኖ ሽማግሌ ያገላብጣል። ዋሽንግተን ዙሪያ የኖረ ሰው ይህን ታሪክ ከአንድ ሰው ሳይሆን ከብዙ ሰው ይሰማል። የሐኪሙን ደመወዝ ማንም አልቀነሰበትም፤ ሐኪም ተብሎ አልተጠራም እንጂ። የእኛ ኦፓል ውሃ ሲጠጣ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ባሕር ሲሻገር የኛም ዲግሪ እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ድንጋዩ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለስለታል።

ፈተና መኖሩ በደል ነው እንዳትሉኝ። ያልተፈተነ መሐንዲስ በሠራው ድልድይ ላይ ልጄ እንድትሻገር አልፈልግም። ፈተናው ያውቅ እንደሆነ ከጠየቀው ፍትሕ ነው። የት እንደተወለደ ከጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ካናዳ ውስጥ «የካናዳ የሥራ ልምድ አለህ?» የሚል ጥያቄ ለዘመናት የመጤ ባለሙያ ማጣሪያ ሆኖ ኖሯል። ካናዳ ካልሠራህ አንቀጥርህም፤ ካልተቀጠርክ ካናዳ አልሠራህም! የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ2013 ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይም አድልዎ መሆኑን በፖሊሲ አስፍሯል። አንዲት የማመልከቻ ቅጽ ላይ የተጻፈች አንዲት መስመር ስንት ደመወዝ ትቆርጥ እንደነበር አስቡት።

በዐረብ አገርም ለነርስና ለፋርማሲስት የሚከፈት በር አለ። ሥራውን የሞከሩት ያውቁታል፤ ዳታፍሎ የሚባለው ድርጅት ዲፕሎማውን ከምንጩ፣ ማለት ከተማረችበት ትምህርት ቤት ያጣራል፤ ከዚያ ፕሮሜትሪክ የሚባለውን ፈተና ትወስዳለች። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ውጭ አልወረውርም። ማጣሪያው ደብዳቤ ሲልክ የሚመልሰው የእኛው ሬጅስትራር ነው። ለራሴ ማስረጃ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ወር ተመላልሻለሁ፤ አንዴ ማኅተም የያዘችው ሴትዮ ስብሰባ ላይ ናት፤ አንዴ ሲስተም የለም፤ አንዴ ፋይሉ የለም። በሦስተኛው ወር ፋይሉ ከዚያው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ተገኘ። ደላላው ግን በሦስት ሳምንት ይጨርሳል፤ ዲፕሎማም አይጠይቅም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ሲወጣ የጠየቀው 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ነበር፤ ያች ነርስ የምትሰለጥነውና የብቃት ማረጋገጫ የምትወስደውም በቤት አያያዝ ነው። ሳዑዲ ስትገባ የሚሰጣት መታወቂያ፣ ኢቃማው፣ «ሙያ» የሚል መስመር አለው። እዚያ መስመር ላይ የተጻፈው «የቤት ሠራተኛ» የሚል ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማዳሟ ስትታመም መርፌ ብትወጋት፣ የአሮጊቷን የስኳር መድኃኒት በሰዓቱ ብትለካ፣ ደሞዟ የቤት ሠራተኛ ደሞዝ ነው። የነርስ ሥራ ሠርታለች፤ የተከፈለችው ግን ኢቃማው ለሚለው ነው።

ስለ እግር፣ ማለት ትቶ መሄድ ስለ መቻል፣ ደግሞ ልናገር። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ታሪኩ በዚሁ ሜዳ አልፏል።

አጤ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰፈሩ የአውሮፓ ባለ እጆች ነበሯቸው። አብዛኞቹ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ተቋም ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር የሚባሉ። ንጉሡ ግን ከስብከቱ ይልቅ መድፉን ፈለጉት። በሙያቸው ተመዘኑ፤ እንደ ሙያቸውም ተከፈሉ። ብር፣ በቅሎ፣ የክብር ልብስ ተሰጣቸው፤ ዋልድማየር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ። በዚያ ዘመን አገራችን ውስጥ እንደነሱ የተከበረ መጤ ሠራተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍም ሠሩ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች እየተጎተተ፣ መንገድ እየተቆፈረለት፣ የጅጣን ገደል ወርዶ ወጥቶ፣ በእኛው በደላንታ ሜዳ አልፎ፣ በሽሎን ተሻግሮ በ1860 ዓ.ም መቅደላ ገባ። ሠሪዎቹም አብረው ተጓዙ። ግን «ልሂድ፣ አገሬ ልግባ» ማለት አይችሉም ነበር። የወጡት የእንግሊዙ የናፒየር ጦር መቅደላ ሲደርስ ነው።

እነዚህ ሰዎች ተበድለዋል ወይስ በደንብ ተከፍለዋል? የተሰጣቸው ብር ሲቆጠር ደመወዛቸው ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጥሩ ደመወዝ አልለውም። መሄድ የማይችል ሰው የሚቀበለው ነገር በዝቶም ቢሆን ስጦታ ነው፤ ሰጪው ሲቆጣ ይቆማል። «ካፊል» የሚሉት የዐረብ አገሩ አሠሪ ሥርዓትም ይኸው ነው። ቪዛው በእሱ ስም፣ ኢቃማው በእሱ ስም፤ ብዙ ጊዜ ፓስፖርቱም በእሱ መሳቢያ። እኔ መሐንዲሱ እንኳ ሌላ ድርጅት የተሻለ ደመወዝ ሲሰጠኝ፣ የነበርኩበት ድርጅት የመልቀቂያ ደብዳቤ ካልጻፈልኝ መሄድ አልችልም ነበር። አልጻፈልኝም። የኃላፊው «ታዲያ?» በዚያን ቀን ገባኝ። የገበያ ዋጋ ነው ይለኛል፤ ገበያው በር ላይ ግን ቁልፉን የያዘው እሱ ነው። ቀጠር እ.ኤ.አ በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ፈቀደች። ሳዑዲም እ.ኤ.አ በመጋቢት 2021 ተመሳሳይ ማሻሻያ አደረገች፤ የቤት ሠራተኞች ግን ከማሻሻያው ውጭ ቀሩ። እንግዲህ ኢቃማው ላይ ያለችው ያች መስመር እንደገና ተመልሳ መጣች፤ «ነርስ» ቢል ኖሮ እግሯም ትንሽ ይፈታ ነበር።

የሰው አገር ብቻ ስናማ መሸ፤ ወደ ቤታችን እንግባ። እኛስ ለመጤ ባለሙያ እንዴት ነው የምንከፍለው? እዚህ ሚዛኑ ይገለበጣል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በፍጥነት በተስፋፉበት ጊዜ ከሕንድና ከሌሎች አገሮች ብዙ መምህራን በዶላር ተቀጥረው መጡ። አንዱ እኔን ሃይድሮሊክስ አስተምሮኛል፤ ጎበዝ ሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። በጎኑ ባለው ክፍል ያንኑ ትምህርት የሚሰጠው ኢትዮጵያዊ መምህር የሚያገኘው ግን የእሱን ጥቂት ክፍልፋይ ነበር። ያ መምህር አሁን ውጭ ነው። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ፓስፖርቱ ወደ ታች ጎተተው። እንግዲህ እዚህም እዚያም የተመዘነው ፓስፖርት ነው።

የተሻለ መንገድ አልነበረም ወይ? ነበረ፤ ያውም የእኛው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1945 ቲ.ደብሊው.ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በውል ሲቋቋም አብራሪዎቹም መካኒኮቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ደመወዛቸውም የውጭ ነበር። ግን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠንና ሥራውን ማስረከብ ግብ ሆኖ ተያዘ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ እ.ኤ.አ በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ። 25 ዓመት ፈጀ፤ ረጅም ነው። ቢሆንም ለውጭው ሰው የተከፈለው ብር የኋላ ኋላ እዚሁ አገር ውስጥ ሙያ ሆኖ ቀርቷል። የውጭ ባለሙያ ሲቀጠር ኢትዮጵያዊ አሠልጥኖ እንዲተካ ዛሬም በሕጋችን አለ፤ በየሳይቱ ስንት ሰው ተተካ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም።

ሌላው ከኃላፊዬ «ታዲያ?» ጋር የሚያያዝ ነገር ነው። «አገርህ ብትሆን ስንት ታገኝ ነበር?» የሚለው ጥያቄ መልሱ የሚጻፈው እዚህ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር ተሻገረ። እዚህ ያለች ነርስ ደመወዝ በብር አልተነካም፤ በዚያ ኃላፊ ሒሳብ ግን ግማሽ ያህል ሆነ። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ታስታውሳላችሁ። እዚህ ሲረክስ እዚያም ይረክሳል፤ ወለሉን የምንሠራውም የምናፈርሰውም እኛው ነን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2010 ባወጣው ደንብ ሀብታም አገሮች የጤና ባለሙያ እጥረት ካለባቸው አገሮች በዘመቻ እንዳይመለምሉ ይመክራል፤ ኢትዮጵያም ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ሆስፒታላችን እንዳይራቆት ነው። እኔ ግን አንድ ጥርጣሬ አለኝ፤ በነርስነት የምትወጣበት በር ሲጠብ ልጅቷ እዚህ ትቀራለች ወይስ በቤት ሠራተኛነት በር ትወጣለች? እትዬ መልሱን ያውቁታል።

ላሊበላ ጎረቤታችን ነውና በሱ በኩል ሳላልፍ ብቀር ትታዘቡኛላችሁ። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ስናስብ መላእክቱን እናስባለን፤ በቀን ሰው ይሠራል፣ በሌሊት መላእክት ይጨምሩበታል። በንጉሡ በላሊበላ ገድል ውስጥ ግን ሰው የሚያልፈው አንድ ቦታ አለ። ንጉሡ ሥራውን ሊጀምር ሲል ሠራተኞቹን ሰብስቦ ደመወዛቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ይጠይቃቸዋል፤ ድንጋይ የሚጠርበውም አፈር የሚዝቀውም የሚፈልገውን እንዲናገር፣ በኋላ ሳንወድ በከንቱ አሠራን ብለው እንዳያጉረመርሙ። እነሱም ተናገሩ፤ ከመጀመሪያው ቀን ሥራው እስኪያልቅ እንደተናገሩት ሰጣቸው ይላል። ቦታውንም ከባለ ርስቶቹ በወርቅ ገዛው ይላል፤ ንጉሥ ነውና ቢወስደው ማን ይከለክለው ነበር? ገድሉ ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈ ነው፤ የሒሳብ መዝገብ ነው አልላችሁም። ግን የጻፈው ሰው መልካም ንጉሥ ምን እንደሚመስል ሲያስብ ደመወዝ የሚጠይቅ ንጉሥ ታየው። ኦሪት ዘዳግምም ምንደኛውን ወንድምህ ቢሆን መጻተኛም ቢሆን አታስጨንቀው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈለው ይላል። የእስልምና ወንድሞቼ ደግሞ የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ክፈል የሚለውን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ወሎ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልግም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ጥያቄው ነው፤ «ስንት ትፈልጋለህ?» የኔ ኃላፊ የጠየቀኝ «አገርህ ብትሆን ስንት ታገኝ ነበር?» ብሎ ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ስለ ደመወዝ ናቸው።

ለመሄድ ለተዘጋጃችሁ ልጆች የምለው ጥቂት ነው። ኮንትራቱ ላይ ከደመወዙ ቁጥር በፊት የሥራ መደቡን አንብቡ፤ በዐረብኛው የተጻፈውና በአማርኛው የተጻፈው አንድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አስነብቡ። የቪዛውንና የጉዞውን ወጪ አሠሪው እንዲችል አዋጁ ይላልና ደላላው ሲጠይቃችሁ «ለምን?» በሉት። ከሄዳችሁ በኋላ ደመወዛችሁን ተነጋገሩ፤ ምስጢር ነው የሚላችሁ ምስጢሩ የሚጠቅመው ሰው ነው። ለዚያ የባንግላዴሽ ሰው ከኔ በታች እንደሚከፈለው አልነገርኩትም ነበር። ብነግረው ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ አለመንገሬ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ትናንት ማታ እትዬን ልሰናበት ስሄድ ከአልጋቸው ሥር ሳጥን ጎትተው አወጡ። ከነጠላዎቹ ሥር በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ነበር፤ የልጃቸው ዲፕሎማ። «እንዳይረጥብ ብዬ ነው» አሉኝ። ትራንስክሪፕቷም አብሮ ነበር፤ ውጤቷ ከኔ ይበልጣል። ልጅቷ ጋ በዋትስአፕ ደወልን፤ ማዳሟ ተኝታ ስለነበር በሹክሹክታ ነው ያወራችው። ፈተናው በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ ነው አልኳት። «የተማርኩት በእንግሊዝኛ አይደል እንዴ!» አለችኝና ሳቀች፤ ከዚያ የበር ድምፅ ተሰማና ስልኩ ተቋረጠ። ወረቀቱ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ነገ በጠዋቱ አውቶብስ በኩታበር አድርጌ ደሴ እወርዳለሁ፤ ሬጅስትራሩ ጋ።